ርቀት

ቢስቲማ ጤና ጣቢያ፣ ካርድ ክፍል ነው መዋያዬ፣
ስም፣ ቀበሌ፣ ዕድሜ፣ ስንተኛ እርግዝና — ይኸው ነው ሥራዬ፣ ሙያዬ።
የጦይባ ይማም ካርድ አራት ሣጥን አለው፣
አንዱን ቀለም ነክቶታል፣ ሦስቱን ባዶነት ወረሰው።

የወረዳው ቅጽ ይጠይቃል፦ "የቀረችበት ምክንያት?"
ለመልስ የተተወው ቦታ የአንድ ጣት ስፋት።
እኔም እንደ ሁልጊዜው ጻፍኩና "ርቀት"፣
ዞርኩ ወደ ሌላ ካርድ፣ ዞርኩ ወደ ሌላ ሴት።

ማታ ግን ያ ቃል ተከትሎኝ ቤት መጣ፣
ከመኝታዬ ጫፍ ተቀምጦ አልወጣም አለ፣ አልወጣ።
"በምንድን ነው የለካኸኝ?" አለኝ፣ "በእግር ወይስ በጣጣ?"

በእግርማ ሦስት ሰዓት ነው፣ ሚሌ ወንዝ ካልሞላ፣
ከሞላ ደግሞ የለም፤ ድልድዩን አምና ጎርፍ በላ።

ሌላው በእግር አይለካም።
ሁለት ወር አወቀች፣ ሦስተኛውን ደበቀች፣
ጉፍታዋን ዝቅ አድርጋ ሆዷን በዝምታ ጠበቀች፤
ሳይጠና ያወሩት ፅንስ ለዓይን ይጋለጣል ተብላ፣
ጎረቤት ቀልድ ቢጥልባት "ነፍቶኝ ነው" ትላለች ችላ።

"እኔ ስምንት ወለድኩ" ትላለች አማቷ እማማ ዘምዘም፣
"በጎታው ጥግ፣ በአላህ እጅ፤ ሐኪም ሳያየኝ፣ ሳልታመም።"
ስምንት ትበል እንጂ ያሳደገችው አምስት ነው፣
የሦስቱን መቃብር ግራሩ እንጂ ሰው አይቆጥረው።

ሙህዬ ክፉ ባል አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀል ነበር፣
"ሂጂ" ይላል፤ ግን አህያዋ ሰኞ ወፍጮ፣ ማክሰኞ ገበያ ልታድር፣
ረቡዕ ወፍ፣ ሐሙስ ዝንጀሮ ከማሽላው ሲባረር፣
ዓርብ ጁምዓ ይመጣል፤ ሳምንቱ ያልቃል ሳትነሣ ከበር።

ያ የተሞላው ሣጥንም አርቋታል፣ ሐቁ ከተነገረ፤
በአምስት ወሯ መጥታ፣ እስከ ቀትር ቆማ፣ ተራዋ ሲደርስ እንዲህ ነበረ፦
አዋላጁ ገና ልጅ ነው፣ ሲያዋልድ አድሮ ዓይኑ የቀላ፣
"እስካሁን የት ነበርሽ?" አላት ጮክ ብሎ፤ ሰው ሁሉ ዞረ ወደ ኋላ።
"ውጪና ተኚ። ልብስሽን ግለጪ።"
መጋረጃው እስከ ወገብ ነው።
እኔ ሰምቻለሁ። ቀና አላልኩም።
ሌላዋን ጠየቅሁ፦ "ዕድሜ?"

ያለፈው ሐሙስ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሁለት ሴቶች ግቢ ገቡ፣
እስከ ጉልበታቸው ርሰው፣ ጫማቸውን በትከሻ እንዳነገቡ፤
ጦይባ ናት፣ ፊቷ አብጦ፣ ዓይኗ በጉንጯ ውስጥ የጠፋ፣
ከፊት እማማ ዘምዘም፣ በትሯ ጭቃውን እየገፋ።
ሌሊቱን ነው የተነሡት። ማንንም አላስፈቀዱ።
"ይህን እብጠት አውቀዋለሁ" አለች አሮጊቷ፣
"እህቴ ላይ አይቼዋለሁ፤ መጀመሪያ ፊቷ፣
ቀጥሎ ዓይኗ ጨለመ፣ ቀጥሎ..."
ቀጥሎ ያለውን ዋጠችው።

አዋላጁ አፉን ከፈተ፣ "እስካሁን የት —" ሊል፤
ጦይባ ቀደመችው፦
"መንገድ ላይ ነበርኩ።"
ልጁ ዝም አለ። የግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ ጠቀለለ፣
ቁጥሩን አየ፣ ደግሞ አየ፣
ወደ ስልኩ ሮጠ።

አምቡላንሱ ወደ ደሴ ሲነሣ ለአማት ቦታ አልነበረም፤
ከመስኮቴ ወጥቼ ወንበር አመጣሁላት፣ አልተቀመጠችም።
ተመልሼ ስገባ የመስኮቱን ብረት ይዛ፣
"ካርድ አውጣልኝ" አለች።
"ለማን?"
"ለእህቴ። ለመዲና።"
እጄ የለመደውን አነሣ፣ አፌም የለመደውን፦
"ዕድሜ?"
"እንደዚህች ልጅ።"
"ቀበሌ?"
"ከግራሩ ሥር።"